ያረጀ የትራክተር ሞተር ብሎክ፤ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

ትራክተር ሕመሙን የሚናገረው በሥራ ወራት ነው። በበጋ ቆሞ የከረመ ሞተር ደኅና መስሎ ይታያል። ዝናብ ጥሎ መሬቱ ሲለሰልስ፤ ማረሻው ጠልቆ ሞተሩ ሙሉ ኀይሉን ሲጠየቅ ግን ጭሱ ይበዛል፤ ዘይቱ ይጎድላል፤ ጉልበቱም ይደክማል። በሁመራና በመተማ ቆላ ሰሊጥና ማሽላ የሚዘራ ገበሬም ሆነ በአርሲና በባሌ ደጋ ስንዴ የሚያመርት የኅብረት ሥራ ማኅበር፤ የዘር ሳምንታት ያመለጡት እንደሆነ የዓመቱ ምርት አብሮ ያመልጠዋል። በዚህ ሰዓት መካኒኩ መጥቶ «ብሎኩ አልቋል» ያለ እንደሆነ፤ ባለቤቱ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ውሳኔ በጥድፊያ ለመወሰን ይገደዳል።

ነገር ግን «ብሎኩ አልቋል» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው፤ ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር ግድግዳ በመፋተግ መበላቱ ነው። ሁለተኛው፤ የብሎኩ አካል ራሱ መሰንጠቁ ወይም መጣመሙ ነው። የመጀመሪያው እንደ ልብስ ማርጀት፤ ሁለተኛው እንደ አጥንት መሰበር ይቈጠራል። ያረጀ ልብስ ይለወጣል፤ የተሰበረ አጥንት ግን እንደ ስብራቱ ዓይነት ይታያል። ይህን ሳይለዩ መወሰን ወይ መዳን የሚችለውን ብሎክ ማስጣል፤ ወይም መዳን በማይችል ብሎክ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ይሆናል።

፩. ብሎክ ምንድን ነው?

ብሎክ ጊዛ ከሚባለው ፍስስ ብረት የሚሠራ የሞተሩ ዋና አካል ነው። አራት ሥራ ይሠራል። ሲሊንደሮቹን ይይዛል፤ ክራንክ ሻፍት የሚባለውን ዋና ዘንግ በመቀመጫዎቹ ላይ ይሸከማል፤ የማቀዝቀዣውን ውሃ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ያዘዋውራል፤ ዘይቱንም በውስጡ ባሉት ቀዳዳዎች ወደየክፍሉ ያደርሳል። ከላይ ቴስታታው በጓርኒሲዮን ተለይቶ ይታሰርበታል።

የሲሊንደሩ አሠራር በሦስት ይከፈላል። በአንዳንድ ሞተር ፒስተኑ የሚመላለሰው በቀጥታ በብሎኩ ብረት ላይ ነው። በሌላው፤ ላይነር የሚባል ስስ የብረት ቱቦ በብሎኩ ቀዳዳ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይገባል፤ ውሃ ስለማይነካውም ደረቅ ላይነር ይባላል። በሦስተኛው፤ ላይነሩ ወፍራም ሆኖ ውጪው በቀጥታ በውሃ ይከበባል፤ ይህም እርጥብ ላይነር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1964 ለገበያ የወጣው ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተሩ ደረቅ ላይነር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በሚንስክ ፋብሪካ የተሠራውና ቤላሩስ በሚል ስም የታወቀው ኤምቴዜድ 80 ትራክተር ደግሞ እርጥብ ላይነር አለው፤ አራቱ ሲሊንደሮች እያንዳንዳቸው 110 ሚሊሜትር ስፋት፤ የፒስተኑም ጕዞ 125 ሚሊሜትር ነው።

ይህን ማወቅ ከሁሉ ይቀድማል። ምክንያቱም እርጥብ ላይነር ያለው ሞተር ሲሊንደሩ ስለ ተበላ ብቻ ብሎኩ ሊጣል አይገባውም፤ የተበላው ላይነሩ ነውና።

፪. ሲሊንደር ለምን ይበላል?

ከላይ የተጠቀሰው የቤላሩስ ሞተር በደቂቃ 2,200 ጊዜ በሚዞርበት ጊዜ፤ እያንዳንዱ ፒስተን በደቂቃ 4,400 ጊዜ ይወጣል ይወርዳል። ይህም በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ያህል ጕዞ ማለት ነው። ትራክተሩ በማሳው ላይ ቀስ ብሎ ሲሄድ ፒስተኑ በ10 ሰዓት የሥራ ቀን 330 ኪሎ ሜትር ይፈትጋል።

መፋተጉ ግን በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ፒስተኑ ከላይ ደርሶ ለመመለስ ለቅጽበት ሲቆም በፋሻውና በግድግዳው መካከል ያለው የዘይት ሽፋን ይሳሳል፤ የሚነደው ጋዝ ግፊትና ሙቀትም የሚበረታው በዚያው ቦታ ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩ አብዝቶ የሚበላው ከላይ በኩል ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ መበላቱ ይቀንሳል። ደግሞም ቢዬላው ፒስተኑን ወደ ጎን ስለሚገፋው ሲሊንደሩ ክብነቱን ትቶ ሞላላ ይሆናል።

ይህን ሁሉ የሚያፋጥነው አቧራ ነው። በአቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣት ከጊዛ ብረት ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ፤ በተቀደደ የአየር ጎማ ወይም ዘይቱ ባልተለወጠ የአየር ማጣሪያ አልፎ የገባ እንደሆነ እንደ ሞረድ ይቈርጣል። ሞተርን አብዝቶ ማቀዝቀዝም ጉዳት አለው። ውሃው እንዳይፈላ በሚል ሐሳብ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ሞተሩ ዘወትር ቀዝቅዞ እንዲሠራ ያደርገዋል፤ በቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ የሚጠራቀመው እርጥበት ከናፍጣው ድኝ ጋር ተዋሕዶ አሲድ ስለሚሆን ብረቱን ይበላል።

፫. ጭስና ድምፅ ብቻቸውን አይፈርዱም

ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል፤ ነገር ግን ዘይቱ በፋሻው ሳይሆን በቫልቮቹ ዘንግ በኩልም ሊወርድ ይችላል። ጥቁር ጭስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተዘጋ የአየር ማጣሪያ፤ ከተበላሸ ኢንጀክተር ወይም ከመጠን በላይ ከሆነ ጭነት ነው። ነጭ ጭስና በጧት አልነሣም ማለት የመጭመቅ ኀይሉ መድከሙን ሊያሳይ ይችላል። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በሲሊንደሩ ውስጥ የተጨመቀው አየር ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በመጋሉ ስለሆነ፤ አየሩ በፋሻው በኩል ሲያመልጥ ሙቀቱ ይጎድላል።

ከጭሱ ይልቅ የሚታመነው ምልክት የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት የሚወጣው ጋዝ ነው። ሞተሩ እየሠራ ጋዙ እንደ ጭስ ማውጫ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ፤ ጋዙ በፒስተኑ አጠገብ ወደ ታች እያለፈ ነው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የመጭመቅ ኀይሉ በየሲሊንደሩ በመለኪያ ይታያል። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ እጅግ ዝቅ ያለ እንደሆነ፤ ከአንድ ትንሽ ማንኪያ ያልበለጠ የሞተር ዘይት ተጨምሮበት እንደገና ይለካል። ዘይቱ የፋሻውን ክፍተት ለጊዜው ስለሚደፍን፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ጥፋቱ የፋሻው ወይም የሲሊንደሩ ነው። ቁጥሩ ባለበት ከቀረ ግን ቫልቮቹን ወይም ጓርኒሲዮኑን መመርመር ይገባል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ዝቅ ያሉ እንደሆነ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ይህ ምርመራ ሳይደረግ ሞተር መፍታት አይገባም።

፬. ፍርዱ በልኬት ነው

ሞተሩ ከተፈታ በኋላ ብሎኩ ታጥቦ ይለካል። «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው ምሳሌ ከልብስ ሰፊው ይልቅ ለሞተር አዳሹ የተነገረ ይመስላል። እያንዳንዱ ሲሊንደር ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፤ በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ፤ ይኸውም በዋናው ዘንግ ርዝመትና በመስቀለኛው ይለካል። አንድ ሲሊንደር 6 ልኬት፤ አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር 24 ልኬት ይኖረዋል። ባለቤቱ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት እነዚህ 24 ቁጥሮች የተጻፉበትን ወረቀት መጠየቅ መብቱ ነው። የማኅበርን ወይም የመንግሥትን ገንዘብ የሚያዝ ሹምም ያለዚህ ወረቀት ግዢ ባይፈቅድ መልካም ነው።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚነበብ በምሳሌ ይታይ። የቤላሩሱ ሲሊንደር ከላይ 110.35፤ ከታች 110.05 ሚሊሜትር ሆኖ ቢገኝ ልዩነቱ 0.30 ሚሊሜትር ነው። ይህ ለዓይን አይታይም፤ ከአራት የራስ ጠጕር ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን ፋሻው በዚህ ሲሊንደር ውስጥ ሲወጣ አፉ ወደ 0.94 ሚሊሜትር ይከፈታል፤ ሲወርድ ደግሞ ይገጥማል። ይህም በደቂቃ 4,400 ጊዜ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ሲሊንደር ውስጥ አዲስ ፋሻ ብቻ ለውጦ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ ፋሻው ወይ ይሰበራል፤ ወይም ጋዙን ሳይይዝ ይቀራል። የሚፈቀደው ልክ በየሞተሩ ስለሚለያይ የፋብሪካው መጽሐፍ መታየት አለበት።

ከሲሊንደሩ ሌላ ሁለት ነገሮች ይለካሉ። አንደኛው፤ ቴስታታው የሚያርፍበት የብሎኩ ፊት ነው። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ተጋድሞበት በስስ የክፍተት መለኪያ ሲፈተሽ ጕድጓድ ወይም መጣመም ያለበት እንደሆነ፤ ጓርኒሲዮኑ ደጋግሞ ይቃጠላል። ሁለተኛው የዋናው ዘንግ መቀመጫዎች ናቸው። ሁሉም በአንድ መስመር ካልሆኑ ወይም አንዱ ብሮንዚን በውስጡ ዞሮ ከበላው፤ አዲስ ብሮንዚን ቢገባም አይቆይም።

፭. ስንጥቅን ስለመፈለግ

ሲሊንደሩ ከመሠራቱ በፊት ስንጥቅ አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት፤ አለዚያ ለሥራው የተከፈለው ገንዘብ ከንቱ ይሆናል። በዘይቱ ውስጥ ውሃ ገብቶ ቡናማ ወተት መምሰሉ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ሆኖም ይህ ከጓርኒሲዮን ወይም ከላይነሩ የጎማ ቀለበትም ሊመጣ ይችላል። እርጥብ ላይነርን ከውጭ በኩል ውሃው ራሱ በጊዜ ብዛት እንደ ብል ሊበሳው ስለሚችል፤ ላይነሩ ሲወጣ የውጪው ገጽ መመርመር አለበት።

የተሟላ የሞተር ማደሻ ቤት የውሃውን መንገድ ዘግቶ በአየር ግፊት ይፈትሻል፤ ወይም በማግኔትና በብረት ብናኝ ስንጥቁን ያወጣዋል። ይህ በሌለበት አገር አንድ የቆየና ቀላል ዘዴ አለ። የሚጠረጠረው ቦታ በደንብ ታጥቦ ይደርቃል፤ ላምባ ይቀባል፤ ጥቂት ከቆየ በኋላ ላምባው ተጠርጎ የጠመኔ ዱቄት ይነሰነስበታል። ስንጥቅ ካለ በውስጡ የቀረው ላምባ ወደ ላይ ወጥቶ ጠመኔውን በመስመር ያረጥበዋል። ይህ ዘዴ ወደ ውጭ የደረሰውን ስንጥቅ ብቻ ስለሚያሳይ ምንም አለመታየቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

፮. መጠገን የሚበጀው መቼ ነው?

የብሎኩ አካል ደኅና ሆኖ የተበላው ሲሊንደሩ ብቻ ከሆነ መጠገን ይበጃል። እርጥብ ላይነር ላለው ሞተር ላይነሩ፣ ፒስተኑና ፋሻው በአንድነት ይለወጣሉ። በዚህ ጊዜ ላይነሩ የሚቀመጥበት ቦታ ከዝገት መጽዳቱ፤ የላይነሩም ራስ ከብሎኩ ፊት በፋብሪካው ልክ፤ ማለት በጥቂት የሚሊሜትር መቶኛ፤ ከፍ ብሎ መገኘቱ ይረጋገጣል። ላይነሩ ዝቅ ያለ እንደሆነ ቴስታታው አጥብቆ ስለማይዘው ይነቃነቃል፤ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠላል።

ላይነር ለሌለው ብሎክ ሲሊንደሩ በማሽን ይሰፋል። ለዚህም ከመደበኛው 0.25፣ 0.50፣ 0.75 ወይም 1.00 ሚሊሜትር የሰፉ ፒስተኖች ይሠራሉ፤ የትኞቹ እንደሚገኙ ግን በየሞተሩ ይለያያል። አንድ ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ፤ ፒስተኖቹ ከመሰፋቱ በፊት ተገዝተው በማሽኑ ቤት መገኘት አለባቸው። ሲሊንደሩ የሚሰፋው በእጅ ባለው ፒስተን ልክ ነውና። ሲሊንደሩን አስቀድሞ አሰፍቶ በኋላ ፒስተን የሚፈልግ ሰው፤ ልኩን ያጣ እንደሆነ እንደገና ለማሰፋት ይገደዳል። የመጨረሻው ልክ ካለፈ በኋላም ብዙ ጊዜ ደረቅ ላይነር አስገብቶ ወደ መጀመሪያው ስፋት መመለስ ይቻላል።

በውጪው የውሃ ግድግዳ ላይ ያለ ስንጥቅም ተስፋ አያስቈርጥም። በብረት ቡሎኖች ተራ በተራ እየተበሳ ያለ እሳት ሊሰፋ ይችላል። በብየዳ መጠገንም አለ፤ ነገር ግን ጊዛ በአንድ በኩል ሲግል በሌላው ስለሚሰነጠቅ፤ በኒኬል ኤሌክትሮድ፤ አስቀድሞ በማሞቅና ቀስ አድርጎ በማቀዝቀዝ ካልሆነ በቀር ጥፋቱን ያበዛዋል።

፯. መለወጥ የሚገባው መቼ ነው?

ስንጥቁ በዋናው ዘንግ መቀመጫ ወይም መቀመጫውን በተሸከመው ግድግዳ ላይ የተገኘ እንደሆነ፤ ቢዬላ ተሰብሮ ብሎኩን በስቶ መቀመጫዎቹን ወይም የሲሊንደሩን ሥር የጎዳ እንደሆነ፤ የእርጥብ ላይነሩ የላይኛ መቀመጫ ዙሪያውን የተሰነጠቀ እንደሆነ፤ መቀመጫዎቹም በማሽን ቀጥ ሊሉ ከሚችሉት በላይ የተጣመሙ እንደሆነ፤ ብሎኩ ይለወጥ። እነዚህ ሁሉ የአጥንት ስብራቶች ናቸው። ለጊዜው ተጠግነው ቢሠሩም በማረሻ ጭነት ላይ እንደገና የሚሰበሩ በመሆናቸው፤ ዘንጉንና ፒስተኖቹን ይዘው ይጠፋሉ።

ለከተማ መኪና ባለቤቶች አንድ ነገር ይጨመራል። የብዙ አዳዲስ መኪናዎች ብሎክ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። ከእነዚህም የሲሊንደራቸው ገጽ በስስ ልዩ ሽፋን የተለበጠው እንደ ጊዛው በቀላሉ የሚሰፋ አይደለም፤ ስለዚህ ለእነርሱ መለወጥ ብዙ ጊዜ ይቀላል።

የሚለወጠው ብሎክ ያገለገለ ሞተር ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራን በመሰለ የመለዋወጫ ገበያ የሚገኝ ሞተር አዲስ ቀለም የተቀባ ቢሆንም ቀለሙ የውስጡን አይናገርም። የሚቻል ከሆነ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሥቶ ማየት፤ የዘይት ክዳኑን ከፍቶ ጋዙን መመልከት፤ የመጭመቅ ኀይሉን ማስለካት ይገባል። የሞተሩ ቁጥር በብሎኩ ላይ ተመትቶ በሊብሬው ላይ የሚመዘገብ ስለሆነ፤ ገዢው የግዢ ደረሰኙን ይዞ ለውጡን ማስመዝገብ አለበት። አለዚያ ተሽከርካሪውን በሚሸጥበት ጊዜ ችግር ይገጥመዋል።

፰. ሒሳቡ በሰዓት ይታሰብ

ዋጋን ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል። የሚነጻጸረው የአንዱ የሥራ ሰዓት ወጪ ነው። ለማስረዳት ያህል፤ መጠገኑ 160,000 ብር ፈጅቶ 4,000 ሰዓት ቢያሠራ ለሰዓት 40 ብር ይሆናል። አዲሱ 300,000 ብር ፈጅቶ 6,000 ሰዓት ቢያሠራ ለሰዓት 50 ብር ይሆናል። ያገለገለው ሞተር በ120,000 ብር ተገዝቶ 2,000 ሰዓት ቢያሠራ ለሰዓት 60 ብር ይሆናል። በዚህ ምሳሌ ርካሽ የመሰለው ከሁሉ ውድ ሆኖ ይገኛል። እነዚህ ቁጥሮች የሒሳቡን አኳኋን ለማሳየት የቀረቡ ስለሆኑ፤ እያንዳንዱ ባለቤት በዕለቱ ገበያ ዋጋ ይተካቸው።

በዚህ ላይ ትራክተሩ የሚቆምበት ጊዜ ይጨመራል። በጥቅምት ለአንድ ወር መቆም የሚቻል ሲሆን፤ በሰኔ አንድ ሳምንት መቆም የዓመቱን ዘር ሊያስቀር ይችላል። ከውጭ አገር የሚመጣ አዲስ ብሎክ እስኪደርስ ድረስ ዝናቡ አይጠብቅም። ስለዚህ ዘር በቀረበበት ጊዜ ሰዓቱን የሚያሳጥረው መንገድ ዋጋው ከፍ ቢልም ሊመረጥ ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን አዝመራው እንደ ተሰበሰበ የመጭመቅ ኀይሉን ማስለካትና ውሳኔውን በበጋ መጨረስ ነው።

፱. ምክንያቱ ካልተወገደ

አዲስ ላይነር ሆነ አዲስ ብሎክ፤ አሮጌውን ያጠፋው ነገር ካልተወገደ ተመልሶ ይጠፋል። ስለዚህ ሞተሩ ከመገጠሙ በፊት የአየር ጎማዎቹ በሙሉ ይመርመሩ፤ የተቀደደው ይለወጥ። በአቧራ ጊዜ የማጣሪያው ዘይት በየቀኑ ይታይ። ቴርሞስታቱ በቦታው ይመለስ። ራዲያተሩ ከውስጥ ይታጠብ፤ ከውጭም ከገለባ ይጽዳ። ውሃው ፈልቶ የጎደለ እንደሆነ በጋለው ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ብሎክ የሚሰነጥቅ ጥፋት ስለሆነ፤ እስኪበርድ ይጠበቅ። የታደሰው ሞተርም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በመጠነኛ ጭነት ይሥራ፤ የመጀመሪያው ዘይትም ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ ይለወጥ።

በየግቢው ቆመው ከሚዝጉት ትራክተሮች መካከል ብሎካቸው ሳይለካ የተፈረደባቸው አይጠፉም። የልኬቱ ወረቀት ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሳል፤ የተበላው ሲሊንደሩ ነው ወይስ የተሰበረው አካሉ? ወጪውስ ለአንድ የሥራ ሰዓት ስንት ይሆናል? ባለቤቱ ይህን ወረቀት ከትራክተሩ መጽሐፍ ጋር ቢያስቀምጥ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲያስለካ ሞተሩ ምን ያህል እንደ ተበላ ከዝናቡ በፊት ያውቃል።